የዝንቧን ዘር ማምከን ይገባልን?

ሰው በሌላው ፍጥረት ዘር ላይ እጁን ሊያነሣ ይገባዋልን? ጥያቄው ከሩቅ የመጣ ቢመስልም በአርባ ምንጭና በጋሞ ቆላ ለምንኖር ወጣቶች የደጃችን ጥያቄ ነው።

በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ የገንዲ ዝንብ አለች። ደም ስትመጥ በሽታውን ከከብት ወደ ከብት ታዛምታለች። በገንዲ የተያዘ በሬ ደሙ እያነሰ፣ ሥጋው እየመነመነ ይሄዳል፤ ቀንበርም አይሸከምም። በሬው የወደቀበት ገበሬ የሚያጣው የልጆቹን እንጀራ ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዝንቧን የማጥፋት ፕሮጀክት ተጀመረ። ዝንቦቹ የሚራቡበት ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ተመረቀ። በዚህ ዘዴ ወንዶቹ ዝንቦች በጋማ ጨረር ይመታሉ። ጨረሩ በዘራቸው ላይ ሚውቴሽን የተባለውን ለውጥ ያመጣል፤ ከዚያም ይለቀቃሉ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መካን ከገጠማት ሳትወልድ ትቀራለች።

እዚህ ላይ መለካት የግድ ነው። ጨረሩ ካነሰ ወንዱ ይወልዳል፤ ከበዛ ደግሞ ይደክምና ከዱሩ ወንድ ጋር መፎካከር ያቅተዋል። በመሆኑም ከተመቱት ወንዶች ስንት እንደሚወለድ አስቀድሞ ይቆጠራል። ኸርማን ሙለር ኤክስሬይ የፍራፍሬ ዝንብን ዘር እንደሚለውጥ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1927 በእንዲህ ያለ ቆጠራ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል በሰውነታቸው የገባባቸው አይጦች አሉ። ኬሚካል ይሰጣቸዋል፤ ኋላም ያ ዘረ መል ከጉበታቸው ወጥቶ ስንቱ እንደተበላሸ ይቆጠራል። እኛ ከመርዝ እንድንጠበቅ አይጧ ትሞታለች።

አንዳንዶች «ዝንብ ምኗ ይታዘንላታል?» ይላሉ። እኛ ግን ትንሽነት ለመጉዳት ፈቃድ ይሆናል አንልም። ሌሎች ደግሞ «ዘር አይነካም» ይላሉ። ታዲያ በሬው ሲወድቅ ዝም ብሎ ማየትስ ንጹሕ ያደርጋልን? የሚረጭ መርዝ ንቡንም ይገድላል፤ መካኑ ወንድ ግን የሚያመክነው የራሱን ወገን ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። መጉዳት የሚፈቀደው ችግሩ እውነተኛ ሲሆን፣ ከዚያ የቀለለ መንገድ ሲታጣና የጉዳቱ መጠን ሲለካ ነው። ሳይለካ የሚጎዳ ሰው «አላወቅሁም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

አንድ ነገር ግን እንጨምራለን። ቆላውን ከመጥረቢያ የጠበቀችው ይህችው ዝንብ ነበረች። እርሷ ስትጠፋ በሬው ይገባል፤ ከበሬው ኋላ መጥረቢያው ይከተላል። የዝንቧን ዘር በጥንቃቄ የቆጠርን እኛ፣ የምንቆርጠውንም ዛፍ በዚያው ጥንቃቄ እንቆጥራለንን? ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ላይ እንወያይ።