ከፀሐይ እስከ ቅርጫው መደብ

ፋሲካ በደረሰ ጊዜ በልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ቅርጫ ይገባሉ። በሬው ታርዶ ሥጋው በእኩል መደብ ይከፈላል፤ ዕጣም ይጣላል። ከበላይ አሞራዎች ያንዣብባሉ፤ ውሾችም ራቅ ብለው ይጠባበቃሉ። ይህን ዓይናችን የለመደውን ነገር ልብ ብለን ብንመለከተው ፈጣሪ ለፍጥረቱ የሠራውን አንድ ሥርዓት እናገኝበታለን።

የማዕዳችን ሁሉ መነሻ የፀሐይ ብርሃን ነው። ሣር ከብርሃኑ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ወደ ምግብነት ይለውጠዋል፤ በሬ ሣሩን፣ ሰውም በሬውን ይበላል። ነገር ግን ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምሉዕ ሆኖ አይደርስም። በሬው ከበላው አብዛኛውን ሲተነፍስ፣ ሲራመድና ሰውነቱን ሲያሞቅ ይጨርሰዋል፤ ከፊሉም ከሰውነቱ ሳይዋሐድ እበት ሆኖ ይወጣል። ሥጋ የሚሆነው የተረፈው ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን በሚኒሶታ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ላይ ያደረገው ጥናት፣ እርሱ ገና በወጣትነቱ ባረፈበት በ1942 እ.ኤ.አ. ታትሞ፣ ይህን በየደረጃው የሚታይ ጉድለት በስሌት አስረዳ። የሥነ ሕይወት መምህራን በግምት ከመቶ 10 እጅ ያህሉ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል ይላሉ፤ ቁጥሩ እንደ ፍጥረቱ ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላል። ሜዳው በሣር ተሞልቶ ሳለ ሚዳቋዋ ያነሰች፣ አንበሳው ደግሞ ከሁሉ ጥቂት የሆነው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ተነሥተው ሥጋ መብላት የድኻውን እህል መንጠቅ ነው የሚሉ አሉ። ፍርዱ እንዲህ የቀለለ አይመስለንም። የጤፍ ጭድ ለሰው ሆድ ምግብ አይሆንም፤ በሬ ግን ሥጋ ያደርገዋል፤ ያውም አስቀድሞ አርሶ። ለድለባ የሚቀርብለት ፋጉሎና ፉርሽካም ከዘይትና ከዱቄት የተረፈ ነው። ሰው የሚበላው እህል ለድለባ ሲውል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለብዙዎች የሚበቃው ማዕድ ለጥቂቶች ብቻ ይደርሳልና። በዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር ስንመገብ ሳናስበው በዚህ መሰላል አንድ እርከን ወርደን ወደ ምንጩ ቀርበን ነበር።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የአንበሳ ማነስ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንም አይከሰስበትም። የግቢው ዘበኛ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ለመደብ የሚያዋጣው ያጣ ጎረቤት የሚደርሳቸው ከአሞራው ድርሻ ካልበለጠ ግን፣ ይህ የትኛው ሕግ ነው? ኃይል በሙቀት መባከኑ ግድ ነው፤ እንጀራ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣሉ ግን ግድ አይደለም። በቀድሞው የግቢ ኑሮ ትራፊው ለዶሮና ለውሻ ይተርፍ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ወደ ላስቲክ ከረጢት ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው የሚጣለውን ምግብ ከድኻው ማዕድ እንደ ተሰረቀ ቆጥረውታል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ፍጥረት ሲያስተምሩ ከቅርጫው ቢጀምሩ መልካም ይመስለናል። አንድ በሬ ስንት መደብ እንደሚወጣው ልጆቹ ያውቃሉ። ዕጣው ከመጣሉ በፊት መደቡ ለእነማን እንደ ተቆጠረም ይጠየቁ።