ስለ ተመልካች ዕዳ

አንድ ሰው ትርፍ ሳይፈልግ ለዓይኑ ብቻ ብሎ ወደ ዱር ቢሄድ፥ ወፍና ቢራቢሮ ሲመለከት ውሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ ይህ ሰው ሥራ ሠራ ይባላልን ወይስ ቀኑን አባከነ? ጥያቄው ለጥጋበኛ አገር ቀላል ይሆናል፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ማገዶ በሚበደርበት አገር ግን ከባድ ነው። እኔም በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ሳመነታ የቈየሁ ስለሆነ፥ ባንድ ክረምት የገጠመኝን መነሻ አድርጌ ጥቂት ቃል ልጽፍ ወደድሁ።

ዕለቱ የነሐሴ ማለቂያ ነበረ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ጠርቶ ነግቷል። የመንገድ ባልንጀራዬን ለመውሰድ በመቀሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ አለፍሁ። በሐምሌ 2009 ዓ. ም. የተመረቀው ይህ ሥፍራ ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ሥራ የታነጸ ነው፤ በረዣዥሞቹ አዳራሾች የሰው ድካም በሰዓት ይለካል፥ የተሰፋውም ልብስ በቍጥር ይታወቃል። ባልንጀራዬ አዳራሾቹን አመልክቶ፦ «ልብስ የሚሰፋ ሰው ማታ ምን ሠራህ ቢሉት መልስ አለው። እኛን ዛሬ ማታ ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን?» አለኝ። በጨዋታ የተናገረው ቢሆንም ቃሉ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

የሄድነው ወደ ደስአ ደን ነው። ደስአ ከመቀሌ በስተምሥራቅ፥ የትግራይ ደጋ ተቈርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ የተዘረጋ፥ በሰሜን ኢትዮጵያ ከቀሩት ጥቂት የቈዩ ደኖች አንዱ ነው። ዋና ዛፎቹ ጥድና ወይራ ናቸው፤ የአገሩ ሰው በትግርኛ ጽሕዲና ኣውሊዕ ይላቸዋል። የአገራችን ጥድ ፈረንጆች ፓይን ከሚሉት ዛፍ የተለየ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ፓይን በአብዛኛው ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል፤ የኛ ጥድ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ትንሽ ፍሬ አፍርቶ ለወፍ ያቀርባል። ወይራም እንዲሁ ነው። ወፉ ፍሬውን በልቶ ቍጥቋጦ ላይ ያርፋል፥ ዘሩንም ከሥሩ ይጥለዋል፤ ቍጥቋጦው በበኩሉ ቡቃያውን ከፀሐይ ትኩሳትና ከከብት አፍ ይጋርደዋል። እንግዲህ በዚህ ደን ውስጥ ዘሪው ወፍ፥ ሞግዚቱ ቍጥቋጦ ነው።

በደኑ ውስጥ በቀስታ ስንሄድ አንዲት ሶሪት ከጥድ ወደ ጥድ በረረች። ቁማ ሳለች አረንጓዴ ናትና ከቅጠሉ አትለይም፤ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ቀይዋ እንደ እሳት ብልጭ ይላል። ይህ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ ያለበት መሆኑን አንድ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1869 እ. ኤ. አ. ገልጿል፤ እንዲህ ያለው ቀለም ከሶሪት ወገን በቀር በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም። ጥቂት አልፈን አበባ የምትቀስም ትንሽ ወፍ አየን፤ ፀሐይ ሲያገኛት ሐምራዊ ሆና ታበራለች። የዚህች ወፍ ስም በሊቃውንት መዝገብ የተከዜ ስም ነው፤ ትግራይን የጐበኘው ሄንሪ ሶልት በ1814 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ተመዝግቧል። በወንዛችን ስም የምትጠራ ወፍ መኖሯን የባዕድ አገር ሰው ሁለት መቶ ዓመት አስቀድሞ ሲያውቅ፥ እኔ ግን ፀጕሬ ከሸበተ በኋላ መስማቴ አሳፈረኝ።

ቢራቢሮዎቹ ዝናብ ባረጠበው መሬት ላይ ተሰብስበው ውሃ ይመጡ ነበር። ባልንጀራዬ ጥቍርና ነጭ ነጠብጣብ ስላላት ብርቱካንማ ቢራቢሮ አጫወተኝ። ወገኖቿ የሰሃራን በረሃ ተሻግረው ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ፥ ከአፍሪካም ወደ አውሮፓ ይመላለሳሉ፤ ነገር ግን የዙሩን ጕዞ አንዲቱ ብቻዋን አትፈጽመውም። እናት የጀመረችውን ልጅ ትቀጥላለች፥ ልጅ የደከመችበትን የልጅ ልጅ ታደርሳለች። የምትደርስበትን አገር ሳታይ የምትነሣ ፍጥረት! ጥድ የሚተክል ሰውም እንዲሁ ነው፤ በጥላው የሚቀመጠው ሌላ ነው።

እንዲህ አንጋጥጬ ስመለከት አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት እንጨት ተሸክመው በመንገዱ መጡ። ሸክሙን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቆሙና፦ «ልጄ፥ ምን ጠፋህ?» አሉኝ።

«የጠፋኝ ነገር የለም እናቴ፤ ወፍ አያለሁ» አልኋቸው።

«ወፏንማ እኛም እናያታለን። ይህን ኣውሊዕ የምትዘራልን እርሷ አይደለችምን?»

ከመጽሐፍ የተማርሁትን እርሳቸው ከመንገድ ተምረውት ኖሯል። እኔ ግን ዓይኔን ከሸክማቸው ላይ ማንሣት ስላልቻልሁ፥ «ታዲያ እንጨቱ?» ብዬ ጠየቅሁ። አልተቈጡም። «የሚበዛው በቁሙ የደረቀ ነው፤ ሁሉ ደረቅ ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። ነገ ገበያ ነው። የሚገዛንም የመቀሌ ሰው ነው» አሉና ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ።

በቁሙ የደረቀ ማለታቸው እውነት ነበረ። በደስአ ጥድና ወይራ፥ ይልቁንም በታችኛው ተዳፋት፥ በቁማቸው እየደረቁ መሆናቸውን አጥኚዎች ከጻፉ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ. ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ መብራትና ነዳጅ ሲታጣ እንጨት የገጠሩ ብቻ ሳይሆን የከተሜውም ሁሉ ማገዶ ሆኖ ነበር። ልጁ የራበውን ሰው ስለ ዛፍ መክሰስ የሚችል ማን ነው? እኔስ በዚያ ዘመን ምድጃዬ ሲነድ እንጨቱ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ ነበርን? አልጠየቅሁም። እንግዲህ ዓይኔ የሚወደውን ዛፍ ምድጃዬ ሲበላው ኖሯል። ሴትዮዋን ለመውቀስ የተነሣ ልቤ ከራሴ ደጃፍ ደርሶ ቆመ።

ከዚህ በኋላ የባልንጀራዬ ጥያቄ በሌላ መልክ ታየኝ። ዱርን ማየት ሥራ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ ማየት ዕዳ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላልና፥ ያላየ ሰው ባይናፍቅ፥ ባይጠብቅም ምክንያት ሊያቀርብ ይችል ይሆናል። ያየ ሰው ግን ምክንያት የለውም። ደስታውን ተቀብሏል፤ ዋጋውን ሳይከፍል ቢሄድ ከበላበት ቤት ሳያመሰግን እንደ ወጣ እንግዳ ነው።

ይህን ዕዳ እስከ ዛሬ ሲከፍል የኖረው ከተሜው ሳይሆን ገበሬው ነው። የትግራይ ገበሬ በየዓመቱ የተወሰኑ ቀኖችን ያለ ደመወዝ እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተክል፥ የተራቈተውን ኰረብታም ሕዛእቲ ብሎ ከከብትና ከምሳር ሲከለክል ኖሯል። በ2017 እ. ኤ. አ. ይህ ሥራ በረሃማነትን በመከላከል ከዓለም የወርቅ ሽልማት ተሰጥቶታል። በየደብሩ ዙሪያም የቆመውን ጥድ አባቶች የጠበቁት ጥቅሙን አስልተው አይደለም፤ ሥፍራው የተከበረ ስለሆነ እንጂ። እኛ ከተሜዎች ግን የተክል ቀን ሲደርስ አንድ ችግኝ ተክለን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ችግኙን ማን እንዳጠጣው በዓመቱ አንጠይቅም።

ታዲያ የተመልካች ክፍያ ምንድር ነው? እንደ ተመልካቹ ዐቅም ነው። የሚገዛውን እንጨትና ከሰል ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ፤ በቤቱ እንጨት የሚቈጥብ ምድጃ ማኖር፤ የተከለውን እስኪጠና መጠበቅ፤ ያያትን ወፍ ስም ለልጁ ማስተማር። ከሁሉ በላይ ግን ሸክም ያጐበጣትን እናት በዛፉ ጠላትነት አለመፍረድ ነው፤ እርሷ ሌላ እንጀራ ካላገኘች ወፏም ዛፍ አታገኝምና።

ማታ ወደ ከተማ ስንመለስ ባልንጀራዬ፦ «እንግዲህ ቢጠይቁን ምን እንላለን?» ሲል ደገመልኝ። «ተበድረን መጣን እንላቸዋለን» አልሁት። ቤቴ ስደርስ ምድጃው ይነድ ነበር፤ ከጎኑም የማታው እንጨት ተከምሯል። አንዱን አንሥቼ አሸተትሁት፤ ጥድ ነበረ።