ዕጣ የሚጣለው መቼ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ብዙዎች ሆነን አንድ ነገር በምንወስንበት ጊዜ ፍርዳችን ቅን የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ እንመለከታለን። ይህን የምጽፈው ከእናንተ የበለጠ ስለማውቅ ሳይሆን በዚህ ነገር ስለ በደልኩ ነው።

ቅርጫ መግባትን የማያውቅ የጋዝጊብላ ልጅ የለም። ለፋሲካ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ከታረደም በኋላ ሥጋው ከየብልቱ እየተቆረጠ በቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመደባል። ከዚያም እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ጠጠር ወይም ስንጥር ለምልክት ይሰጣል። የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ሥጋውን የመደበው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሊያዳላ አይችልም። ሁሉም እኩል ስላዋጣ ሁሉም እኩል ይገባዋል። ስለዚህ ማንም ሳያኮርፍ ሥጋውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ አንድ በጎ አድራጊ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት ብርድ ልብስ ላከልን። እኛ አርባ ያህል ነበርን። የደጋውን ብርድ ታውቁታላችሁና ሁሉም ፈለገው። «አድልዎ እንዳይሆን እንደ ቅርጫው ዕጣ እንጣል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም እጁን አውጥቶ ተስማማ። ወረቀቱንም ቆርጬ የጠቀለልኩት እኔ ነበርኩ፤ አላጭበረበርኩም። ለእኔ ደረሰኝ፤ ለአንድ ባለ ሱቅ ልጅም ደረሰው። ወላጆቿ ሞተውባት ከአያቷ ጋር የምትኖረው፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የምትመጣው እህታችን ግን ባዶ ወረቀት አወጣች። አንዱ «እርሷስ?» ቢል ሌላው «እግዚአብሔር ያልሰጣትን እኛ ልንሰጣት ነው ወይ?» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም ዝም አልን፤ ዘምረንም ተበተንን።

በሚቀጥለው ሰንበት የአጥቢያችን መሪጌታ ነገሩን ሰምተው ኖሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «በየቤታችሁ ስንት ስንት ብርድ ልብስ አለ?» በየተራ መለስን። በእኛ ቤት ሦስት ነበር። በእርሷ ቤት የነበረው አንድ የበግ አጎዛ ነው። መሪጌታ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ዕጣ የተጻፈውን ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትም መጽሐፍ ቅዱስ ለሁሉም ነገር አንድ መንገድ እንዳላዘዘ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቦታ አለው።

አንደኛ፦ ዕጣ። ዕጣ የተፈቀደው መብታቸው ወይም ብቃታቸው እኩል ለሆኑት ነው። ኢያሱ በሴሎ ለሰባቱ ነገዶች ዕጣ ከመጣሉ በፊት ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰዎች ልኮ አገሩን አስዞረ፤ በሰባት ክፍልም አስጻፈው (ኢያ. 18፥1-10)። ከዚያም አስቀድሞ እግዚአብሔር ለሙሴ ብዙ ለሆነው ነገድ ብዙ ርስት፣ ጥቂት ለሆነው ጥቂት እንዲሰጥ አዝዞት ነበር (ዘኁ. 26፥52-56)። በይሁዳ ምትክ ሐዋርያ ሲመረጥም ቅዱስ ጴጥሮስ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ተናገረ፤ ይኸውም ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ እስከ ዕርገት ከጌታ ጋር የነበረ ሰው እንዲሆን ነው። ሁለት ሰዎች ቀረቡ፣ ጸሎት ተደረገ፤ ዕጣውም በመጨረሻ ለማትያስ ወጣ (ሐዋ. 1፥15-26)። እንግዲህ ዕጣ የሚመጣው ሰው በአእምሮው ሊለይ የሚችለውን ሁሉ ለይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ምርጫ። አገልግሎት የሚሹ ነገሮች ሲኖሩ ሰው በሥራውና በጠባዩ ይመዘናል። ዮቶር ሙሴን የመከረው እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑና ጉቦን የሚጠሉ አዋቂዎችን እንዲመርጥ ነው (ዘጸ. 18፥13-26)። በቤተ ክርስቲያናችንም የካቲት 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በተደረገው የፓትርያርክ ምርጫ 806 መራጮች ድምፅ ሰጥተው፣ ብፁዕ አቡነ ማትያስ 500 ድምፅ በማግኘት ስድስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተመርጠዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ቀን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን መንገድ አጣምራ ነበር። ሦስት አባቶች አስቀድሞ በድምፅ ተለይተው በካይሮ በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ዕጣውን አወጣ፤ የአቡነ ታዋድሮስም ስም ወጣ። የሁለቱ ሥርዓት ቢለያይም በሁለቱም ዘንድ ማን ለመንበሩ እንደሚበቃ ከሁሉ በፊት ተመርምሯል።

ሦስተኛ፦ እንደ ችግሩ ማካፈል። በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ለእያንዳንዱ የተሰጠው እንደሚያስፈልገው መጠን ነው (ሐዋ. 4፥35)። በዚያ ዕጣ የጣለ አልነበረም። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በዕለታዊው ማዕድ በተረሱ ጊዜም ሐዋርያት የቅሬታውን ድምፅ አላፈኑም። ጉባኤውን ሁሉ ጠርተው ሰባት ሰዎችን አስመረጡ (ሐዋ. 6፥1-6)። የሰባቱን ስም ልብ ብላችሁ ብታነቡት ሁሉም የግሪክ ስም ነው። በአካፋይነት የተሾሙት ከተረሱት ወገን የሚቈጠሩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተጎዳው የዋግ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ብዙ ትርጓሜ አያሻውም። በ1997 ዓ.ም. በጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የተረጂዎች ስም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፣ ቅር የተሰኘም አቤቱታውን እንዲያቀርብ የታሰበው ለዚሁ ነው፤ ማን እንደተራበ ጎረቤት ያውቃልና።

ወገኖቼ፣ የእኛ በደል ሦስተኛው መንገድ በሚገባበት ቦታ አንደኛውን ማስገባታችን ነበር። ዕጣችን ቅን ነበረ፤ ነገር ግን ከጅምሩ በዕጣ የሚለይ ነገር አልነበረም። በቀራንዮ ወታደሮችም በጌታችን ቀሚስ ላይ ዕጣ ተጣጥለዋል (ዮሐ. 19፥23-24)። በዕጣው አላጭበረበሩ ይሆናል፤ ቀሚሱ ግን የተገፈፈ ነው። የብዙ ሰው ድምፅም እንዲሁ ነው። በርባንን የመረጠው ሕዝብ ብዙ ነበረ፤ ክፉ ለማድረግ ብዙዎችን እንዳንከተልም ሕጉ ይከለክለናል (ዘጸ. 23፥2)። ዕጣ ወይም እጅ ማውጣት ለሕሊናችን መደበቂያ ከሆነ «እግዚአብሔር ፈቀደ» ማለታችን ስሙን በከንቱ መጥራት ነው።

ውሳኔያችን የተሳሳተ እንደሆነ ግን ተስፋ አለ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ርስት በቀረባቸው ጊዜ በጉባኤው ፊት ቆመው ተናገሩ። ሙሴም አልገሠጻቸውም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ ተፈረደላቸውም (ዘኁ. 27፥1-11)። የተወሰነ ነገር ሁሉ እንደገና እንዳይነሣ የሚከለክል ጉባኤ ከሙሴ ይበልጣልን?

እንግዲህ ወደፊት በምንሰበሰብበት ጊዜ፣ እጅ ከማውጣታችንም ወረቀት ከመጠቅለላችንም በፊት ሦስት ነገር እንጠያየቅ። በእውነት ሁላችንም እኩል ነንን? ነገሩ ችሎታን የሚጠይቅ ነውን? ከመካከላችን ይህ ቢቀርበት የሚጎዳ ማን ነው፤ እርሱስ ተናግሯልን?

ብርድ ልብሴን ወደዚያች እህት ቤት ወሰድኩት። አያቷ መርቀው ተቀበሉኝ። እርሷ ግን እስከ ሦስት ሰንበት ድረስ ለመዝሙር አልመጣችም። በአራተኛው ሰንበት ስትመጣ ማንም ምንም አልተናገረም፤ ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ ለቀቅንላት። በዚያ ቀን አዲስ ገንዘብ ያዥ መምረጥ ነበረብንና ከሁላችን አስቀድማ እንድትናገር ጠየቅናት።

ቅን ፍርድን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።