ዳግመኛ ለሚጠገን ጀርባ



ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ተቆረጠ፤ ሕዝቡም ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረ። በ2002 እ.ኤ.አ. በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ግን ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የፊተኛው ጥገና ቢፈርስም ከንቱ አልነበረም፤ በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ሕመምተኛ፥ ስንቱ ነጋዴ ተሻግሮበታል!

ይህን ያነሣነው፥ በወጣትነታቸው የተጣመመ አከርካሪያቸው በቀዶ ሕክምና ተቃንቶላቸው፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋችኋል የተባሉትን ወገኖቻችንን በማሰብ ነው። ሐኪሞች አጥንቶቹን በብረት ዘንግ ደግፈው አንድ ላይ እንዲጋጠሙ ያደርጋሉ። የተጋጠመው ክፍል ስለማይታጠፍ ሸክሙ ከበታቹ ባሉት አንጓዎች ላይ ይወድቃል፤ በዘመናት ብዛት እነዚህ ሊጎዱ፥ ዘንጉም ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛው ሥራ ከፊተኛው ይከብዳል፤ ስለዚህ መፍራት ኃጢአት አይደለም። በአገራችንም ዶክተር ሪክ ሆድስ በአዲስ አበባ በማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤት ጀርባቸው የጎበጠ ሕፃናትን ተቀብለው፥ ብዙዎችን ወደ ጋና ልከው አሳክመዋል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አድገዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥማቸው ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ክፉ አሳቦች ይመጣሉ፤ አንዱ «የፊተኛው መከራዬ በከንቱ ቀረ»፥ ሌላው «እግዚአብሔር ቢወደኝ ኖሮ ሁለተኛ አልታመምም ነበር» የሚል ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠችውን ሴት እናስብ። ጌታ የአብርሃም ልጅ ብሎ የጠራት ስለ ቀናች አይደለም፤ ጎብጣ በኖረችበት ዘመን ሁሉ የአብርሃም ልጅ ነበረች። ክብራችን በጀርባችን ቅንነት አይለካም።

ቤተ ክርስቲያንም የሕሙማንን ቅብዓት ለሚሞት ሰው ብቻ አላስቀመጠችም። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት መቀበል ይገባል፤ ሕመሙ ሲጸና ደግሞ ይደገማል። ጸጋው የሚደገም ከሆነ ዳግመኛ ሐኪም መፈለግ እንዴት የእምነት ጉድለት ይሆናል? ሕክምናውን የሚቀበልም፥ አመዛዝኖ የሚተውም በጌታ ፊት አንድ ነው።

እናንተ መምህራን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። ፍርሃቱን አድምጡ፤ ካህን ጥሩለት፤ ከሆስፒታል ሲመለስም ውኃ የሚቀዳለት፥ እንጨት የሚፈልጥለት ሰው አዘጋጁ። በገመድ ያሻገሩ አባቶቻችን ብቻቸውን አልጎተቱም፤ እኛም በኅብረት እንጎትት።

የተጨነቁትን የሚያጽናና አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።