ዕዳና ውለታ

ሕግ ዕዳን ያውቃል፤ ውለታን ግን አያውቅም። ዕዳ ይቈጠራል፣ ይመሰከርበታል፣ በዳኛ ትእዛዝ ይከፈላል። ውለታን ግን የተዋለለት ሰው በራሱ አንደበት ካልተናገረው በቀር ማንም ሊያስከፍለው አይችልም። ለመሆኑ ይህ ምስክር የሌለው ግዴታ፣ ግዴታ ነውን? እኔ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል በአንድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ታሪክ ላስረዳ።

ሮጀር ዲን በ1944 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የተማረው የቤት ዕቃ ንድፍ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን የሮክ ሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ነው። በ1968 የመጀመሪያውን ሠራ። በ1971 ለኦሲቢሳ ባንድ ክንፍ ያበቀሉ ዝሆኖች ሣለ። በዚያው ዓመት «ፍራጃይል» ለተባለው የ«ዬስ» ባንድ ሸክላ አንዲት ትንሽ ዓለም ሣለ፤ በሽፋኑ ጀርባ ዓለሟ ስትፈራርስ ትታያለች። በ1973 በወጣው «ዬስሶንግስ» ሽፋን ላይ ደግሞ ስብርባሪዎቿ በጠፈር ሲንሳፈፉ አሳየን።

ሽፋን እንግዲህ መጠቅለያ ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሙዚቃው ነው፤ ሥዕሉ ምርቃት ነው። ሆኖም አድማጩ ሸክላው ተሽከርክሮ እስኪያልቅ ድረስ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነው ካርቶን ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀመጥ ነበር። ሙዚቃው በጆሮው ሲገባ፣ የሠዓሊው ዓለም በዓይኑ ይገባል። ሸክላው የሚጠራው ግን በባንዱ ስም ነው።

በ2009 የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ፊልም ወጣ፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በፊልሙ ውስጥ ተራሮች ከነዛፎቻቸው አየር ላይ ተንሳፈው ይታያሉ። ካሜሮን «ሐሳቡ ከዬስ ሸክላ ሽፋን የመጣ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ እየሳቀ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ልብ በሉ፤ ጥያቄውም ቢሆን የጠራው ባንዱን እንጂ ሠዓሊውን አይደለም። ዲን በ2013 ኒው ዮርክ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። በ2014 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ምድር ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተመው የጉሊቨር ታሪክ ውስጥም እንዳለ ጠቅሰው፣ ሐሳቡ የዲን ብቻ አይደለም አሉ።

በእኔ እምነት ዳኛው ልክ ናቸው። ተንሳፋፊ ተራራ ባለቤት ካለው፣ ነገ ሌላው ዘንዶን፣ ሌላው ክንፍ ያለውን ፈረስ በስሙ ያስመዘግባል፤ ምናብም እንደ ቦታ ይታጠራል። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተሣለውን ሥዕል እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ እንዲህ መሆኑም ለሠዓሊዎች ሁሉ የሚበጅ ነው።

ነገር ግን «አልሰረቅህም» የሚል ፍርድ «አልተቀበልህም» ማለት አይደለም። በ2010 ቻይና ውስጥ ዣንግጂያጂዬ በተባለው ስፍራ የሚገኝ አንድ የድንጋይ ዓምድ በፊልሙ ተራሮች ስም ተሰየመ። ተራራ እንኳ ስም ሲያገኝ፣ ሠዓሊው ያገኘው ውድቅ የሆነ መዝገብ ነው።

«ዲንስ ቢሆን ከሌሎች አልተማረምን? ምስጋናው የት ሊያቆም ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ከእኛ በፊት የነበረውን ሁሉ ማመስገን የሚችል የለም፤ እጁን የምናስታውሰውን ግን እናውቃለን። ውለታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ብድር በምድር ይባላል። ይህኛው ብድር በዶላር አይከፈልም፤ ስም በመጥራት ይከፈላል። ፊልም ሲያልቅ የስንት መቶ ሰው ስም በሚወርድበት ጥቁር ሸራ ላይ ደግሞ የአንድ መስመር ቦታ አይጠፋም።