መጀመሪያ ገዢውን፣ ከዚያ ኮርማውን

ልጄ፣ የቦረና ላሞችህን አንገስ ወይም ሲመንታል በተባለ የውጭ ዝርያ አባለዘር አዳቅለህ ለሥጋ ልታረባ እንዳሰብክ ሰማሁ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ስለ ኮርማው ከማውራታችን በፊት ግን ሥጋውን ማን እንደሚገዛህ ለይተህ ንገረኝ።

የማዳቀል ጥቅሙ የታወቀ ነው። ዝምድናቸው የራቀ ሁለት ዝርያዎች ሲገናኙ ጥጃው ከወላጆቹ አማካይ በልጦ ያድጋል። ቦረና ሙቀቱን፣ መዥገሩንና የውሃ ጥሙን ይችላል፤ የአንገስ ስብ ደግሞ በጡንቻው ውስጥ ስለሚሰራጭ ሥጋው ይለሰልሳል። ስቴክ ለሚያቀርብ ሆቴል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የበዓል ገበያችን ግን ሌላ ነው። ለፋሲካ ሰንጋ የሚገዛ ሰው ከብቱን ዞሮ ያያል፣ ጀርባውን ይዳብሳል፣ ሻኛውን ይጨብጣል። የዲቃላ ሻኛ ትንሽ ነው፤ ኪሎው ቢበልጥም ገዢው ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ቁርጥ ቤት የሚገባውም ደንበኛ ሻኛና ጮማ ነው የሚጠይቀው። አዳማ ዙሪያ ያሉ ማድለቢያዎች ደግሞ ለውጭ ገበያ የሚፈልጉት ያልተኮላሸ የቦረና ኮርማ ነው፤ ለእነሱ ብለህ ካዳቀልክ በእጅህ ያለውን ታበላሻለህ። ቦረናን እንዳትንቀው። ኬንያ ውስጥ ባለ ራንቾች ለሥጋ እየመረጡ ስላረቡት ዘሩ ዛሬ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ደርሷል።

ካዳቀልክ ግን ወንዱን ዲቃላ ኮርማ አድርገህ እንዳትይዘው። ከዲቃላ ላሞች ጋር ካገናኘኸው ከወላጆቹ የመብለጡ ብርታት በግማሽ ይቀንሳል፤ ጥጆቹም አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ኮሳሳ ይወጣሉ። አኮላሽተህ አድልበው። ከቦረና ላሞችህ ጥሩ ጥሩዎቹን ለይተህ በቦረና ኮርማ አስጠቃ፤ አለዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ የምታዳቅላት ንጹህ እናት ታጣለህ።

ጊደርን በትልቅ ዝርያ አታዳቅል። ጥጃው ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል፤ እናቲቱንም ጥጃውንም ልታጣ ትችላለህ። ከዚህ በፊት የወለደች ላም ትሻላለች። ሌላ ከብት ሲሳፈራት ቆማ ከተቀበለች ድራት ላይ ናት፤ ጠዋት ካየኸው ማታ፣ ማታ ካየኸው በማግስቱ ጠዋት የሰው ሠራሽ አዳቃዩ ይድረስላት።

መኖውን ደግሞ አትርሳ። ዲቃላ በላተኛ ነው፤ በገለባ ብቻ ከያዝከው ከአገሩ ከብት ብሶ ይከሳል። የፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን የቀን ወጪ ከሚጨምረው ክብደት ጋር አስላ። ሚዛን ባይኖርህ የደረት ዙሪያውን በሜትር ለክተህ ክብደቱን አስላ፤ በዓይን ግምት ብቻ አትነግድ።

ስለዚህ ለጊዜው ላሞችህን አትንካ። ብዙ ወተት አምራቾች ወንድ የወተት ዝርያ ዲቃላ ጥጃ ሸክም ስለሚሆንባቸው በርካሽ ይሸጡታል። ጥቂት ገዝተህ አሳድግ፣ አኮላሽ፣ 3 ወይም 4 ወር አድልብና ለሆቴልም ለሥጋ ቤትም አቅርብ። ሥጋው የአንገስን ያህል ባይሆንም፣ ገበያው ሻኛው ትንሽ ለሆነ ከብት ስንት እንደሚከፍል ያሳይሃል። ያ ዋጋ መኖውን ሸፍኖ ካተረፈልህ አዳቃዩን ጥራ።