መድኃኒት የምንለው መርዝና የሚያነብ ሰው ዕዳ

ለአንድ ነገር የምናወጣለት ስም ስለዚያ ነገር ያለንን አሳብ ይመራዋል። ገበሬው ሰብሉን ከትልና ከተምች ለማዳን የሚረጨውን ፈሳሽ «መድኃኒት» ብለን ሰይመነዋል። መድኃኒት ማለት አዳኝ ማለት ሲሆን፥ ይህ ፈሳሽ ግን የተሠራው ሕይወት ያለውን ፍጡር ለመግደል ነው። ትሉን የሚገድለው ኃይል ብዙ ጊዜ ለንቡም፥ ለዓሣውም፥ ለሰውም ስለማይራራ፥ እውነተኛ ስሙ መርዝ ነው። እንግዲህ መርዝን በመድኃኒት ስም የተቀበለ ሰው ባለማወቁ ራሱንና ጎረቤቱን ቢጎዳ ጥፋቱ የማን ነው? ዛሬ ለአንባብያን ላቀርብ የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

እርግጥ ነው፥ መልካሙ ስም እንዲያው በከንቱ አልተሰጠውም። ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ ዲ.ዲ.ቲ. ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. ስለ ደረሰበት፥ በ1948 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ዲ.ዲ.ቲ. በየቤቱ ግድግዳ ላይ በሰፊው ተረጭቶ የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል። ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

ሆኖም ራሔል ካርሰን የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ የነገሩን ሌላ ገጽ ገለጠች። በእርሻ ላይ የተረጨው ዲ.ዲ.ቲ. ቶሎ አይጠፋም። በእንስሳት ስብ ውስጥ እየተከማቸ፥ ትንሹን ትልቁ ሲበላው መጠኑ እየበዛ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት የአንዳንድ አዕዋፍ የእንቁላላቸው ቅርፊት እየሳሳ ጫጩት ሳይፈለፈል ይሰበር ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለች፤ በ2001 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት ደግሞ እንደ ወባ ያለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ወሰነ። በግድግዳ ላይ ሲረጭ ነፍስ ያዳነው ያው ነገር በማሳ ላይ ሲረጭ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ መልካምነቱና ክፋቱ በቦታው፥ በመጠኑና በሚይዘው ሰው እጅ መሆኑን ነው።

ስለሚይዘው እጅ ካነሣሁ ዘንድ፥ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ መቂ ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ሽማግሌ በባዶ እግራቸው መርጫውን በጀርባቸው አዝለው፥ አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ፥ ከፊት ለፊት እየነፈሰባቸው ቲማቲም ሲረጩ አገኘሁ። ባዩኝ ጊዜ ከሣሩ ውስጥ አንድ ብልቃጥ አንሥተው፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ምን ይላል?» አሉኝ። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ፥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ከግርጌው ቀይ ቀለም ተቀብቶ የራስ ቅል ተሥሎበታል። ፊደሉን አነበብሁት፤ ትርጉሙን ግን አላወቅሁትም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው «አላውቅም» ማለት አሳፍሮኝ፥ «እንደ ሌላው ነው፥ አባባ፤ ብቻ ይጠንቀቁ» አልሁ። ሽማግሌው መረቁኝ። በዓይናቸው ገምተው ከውኃው ጋር ቀላቀሉትና ባዶውን ብልቃጥ ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። ልጁም ወደ ቦዩ ወርዶ ውኃ ቀዳበት። እኔ ይህን እያየሁ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ አንድ የእርሻ ባለሙያ ብጠይቅ፥ ያ ቀይ ቀለም እጅግ አደገኛ የሆነውን መርዝ የሚያመለክት መሆኑን ነገረኝ። እንዲህ ያለው መርዝ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል፤ ያላብባል፥ ምራቅ ያዝረበርባል፥ የዓይንን ብሌን ያጠብባል፥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሽማግሌውና ልጁ ምን እንደ ሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አንዳንድ ሰው፥ «ገበሬው ራሱ ባይጠነቀቅ ጥፋቱ የራሱ ነው» ይላል። ነገር ግን እኒያ ሽማግሌ ጠይቀዋል። ከማያውቅ ሰው ከመጠየቅ የበለጠ ምን ይጠበቃል? ነጋዴው የሚሸጠውን ነገር ጠባይ ሳያስረዳ መሸጡ ዕዳ አለበት። መንግሥትም በ2002 ዓ.ም. ባወጣው የምዝገባና የቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ኃላፊነቱን በሕግ ተቀብሏል። እኔ ግን አልሸጥሁም፤ አልረጨሁም። ሆኖም ጥያቄው እኔ ዘንድ ደርሶ እኔ ዘንድ ቀረ። የማያውቅ ሰው ይሳሳታል፤ ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ የሚመልስ ሰው ግን ሌላውን ያሳስታል።

«መርዙ ቢቀር ሰብሉ አይጠፋምን? ከተማውስ ምን ይበላል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይቅር አላልሁም። ተባዩ ሳይታይ አይረጭ፤ ሲረጭም በተጻፈው ልክ ተለክቶ፥ አፍ፥ እጅና እግር ተሸፍኖ፥ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ ይሁን። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይገልበጥ፤ ዕቃውም ተበስቶ ይወገድ እንጂ ውኃ ወይም ዘይት አይያዝበት። የተመረዘ ሰው ቢኖር ልብሱ ወልቆ፥ ገላው በሳሙና ታጥቦ፥ በዕቃው ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከተረጨ በኋላም ሳይለቀም መቆየት ያለበት ቀን ይጠበቅ፤ ቲማቲሙን አዲስ አበባ ላይ የሚገዛው ሰው የረጨውን ገበሬ አያውቀውም፥ ገበሬውም እርሱን አያውቀውም። በሁለቱ መካከል ያለው ዋስትና የገበሬው ሕሊናና ያ የተጻፈ ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚጀምረው ጽሑፉን ከሚያነብ ሰው ነው። መምህሩ ለተማሪው፥ ተማሪው ለአባቱ፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም በሄደበት ለሚጠይቀው ሁሉ ይህን ዕዳ መክፈል አለበት። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና ያን ቀን መመለስ አልችልም። ነገር ግን ዳግመኛ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ቢሰጠኝ የምመልሰውን አሁን አውቄአለሁ፤ «አባባ፥ ይህ መርዝ ነው፤ አጠቃቀሙን አላውቅም፤ የሚያውቀውን ጠይቄ እስክመለስ ድረስ አይንኩት» እላለሁ።